ከወኅኒ ቤት በር እስከ አሠሪ ደጅ፤ የአየርላንድ የአመክሮ ሥርዓትና መምህሩ ጄምስ ኦርገን

አንድ እስረኛ የሚፈታበትን ቀን ፍርድ ቤት አስቀድሞ ይወስናል። በተፈታ ማግሥት ወዴት እንደሚሄድ፣ ማን ሥራ እንደሚሰጠው፣ ማን ጣራ ሥር እንደሚያሳድረው ግን የፍርዱ ወረቀት አይናገርም። ስለ ወኅኒ ቤት ትምህርት የሚጽፉ ሰዎችም ቢሆኑ ብዙውን ጊዜ የሚያወሱት በግንቡ ውስጥ ስለተሰጠው ትምህርት ነው እንጂ ያንን ትምህርት ከግንቡ ውጭ ስለሚጠብቀው ፈተና አይደለም። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በአየርላንድ የተሞከረው ሥርዓት ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ልዩ ትኩረት የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ አገር የእስረኛው ትምህርት የመጨረሻ ክፍል የሚሰጠው በወኅኒ ቤቱ በርና በአሠሪው ደጅ መካከል ነበር፤ ይህን ክፍል የያዙትም ዳኛ ወይም የጸጥታ ሹም ሳይሆኑ አንድ መምህር ነበሩ። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የረሃቡ ውርስ

ነገሩን በሚገባ ለመረዳት ከታላቁ ረሃብ መነሣት ያስፈልጋል። በ1845 የድንች ሰብል በበሽታ ተመታ። የአየርላንድ ጭሰኛ ዋና ምግብ ድንች ስለነበረ፣ በሽታውም በቀጣዮቹ ዓመታት እየተመላለሰ ሰብሉን ስላጠፋ፣ አንድ ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ በረሃብና ረሃብ ባስከተለው በሽታ አለቀ። ከዚያ የማያንስ ሕዝብም በመርከብ ተሳፍሮ አገሩን ለቆ ተሰደደ። በ1841 በተደረገው ቆጠራ 8.2 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የሕዝብ ቁጥር በ1851 ወደ 6.5 ሚሊዮን ዝቅ አለ። ኪራይ መክፈል ያልቻለው ጭሰኛ ከነቤተሰቡ ከመሬቱ ተነቀለ፤ ጎጆው እንዲፈርስ ተደረገ፤ መንገዱም ቤት በሌለው ሕዝብ ተሞላ። በ1847 የወጣ ሕግ ደግሞ ልመናንና ያለ ሥራ መዞርን በእስራት የሚያስቀጣ ጥፋት አደረገው። ስለዚህ ሰው ቤት በማጣቱ ብቻ ወኅኒ ቤት ሊገባ የሚችልበት ጊዜ ሆነ። በግ የሰረቀ፣ ዳቦ የነጠቀ ሞልቶ ነበር። በእስር ቤት ቢያንስ የዕለት ምግብ እንደሚሰጥ በመስማት ሆን ብሎ ጥፋት ሠርቶ እጁን የሰጠም አልጠፋም።

ቀደም ሲል የእንግሊዝ መንግሥት ከባድ ፍርድ የተፈረደባቸውን ሰዎች ባሕር አሻግሮ ወደ ሩቅ ግዛቶች በመላክ ከዓይኑ ያርቃቸው ነበር። ከ1788 እስከ 1868 ባለው ጊዜ ወደ አውስትራልያ ብቻ የተላኩት 160,000 ያህል ይሆናሉ። ይሁን እንጂ ዛሬ ታዝማኒያ የምትባለው ደሴት በ1853 እስረኛ መቀበሏን አቆመች፤ ምዕራብ አውስትራልያም በረሃብ የተዳከሙትን የአየርላንድ እስረኞች አልፈልግም አለች። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ አብዛኛውን የግዞት ፍርድ በአገር ውስጥ በሚፈጸም እስራትና የጉልበት ሥራ ተካው። ይህ ለውጥ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል፤ በተግባር ግን ትልቅ ጥያቄ አስከተለ። ባሕር ማዶ የተላከ ሰው ሲፈታ የሚኖረው እዚያው ነበር። አሁን ግን እስረኛው የሚፈታው በአገሩ፣ በሚያውቁት ሰዎች መካከል፣ ብዙውን ጊዜም ቤቱ በፈረሰበት መንደር ሊሆን ነው። በኮርክ ወደብ አፍ ላይ በምትገኘው በስፓይክ ደሴት ብቻ ከ2,000 በላይ ሰዎች ታጭቀው ነበር። እነዚህ ሁሉ አንድ ቀን በበሩ ይወጣሉ።

በ1853 የአየርላንድን ወኅኒ ቤቶች መርምረው ሪፖርት እንዲያቀርቡ ከተመደቡት ሰዎች አንዱ ዋልተር ክሮፍተን ነበሩ። በ1815 የተወለዱት ክሮፍተን በሙያቸው ጡረታ የወጡ የመድፈኛ መኮንን እንጂ የትምህርት ሰው አልነበሩም። በሚቀጥለው ዓመት በ1854 አዲስ የተቋቋመው የወኅኒ ቤቶች ዳይሬክተሮች ቦርድ ሊቀ መንበር ሆነው ተሾሙ፤ እስከ 1862 ድረስም በዚሁ ሥራ ላይ ቆዩ።

በትጋት የሚገኝ ነጥብ

ክሮፍተን የዘረጉት ሥርዓት በደረጃ የተከፋፈለ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ በደብሊን በሚገኘው በማውንትጆይ ወኅኒ ቤት ለብቻ ተዘግቶ መታሰር ሲሆን እስከ ዘጠኝ ወር ይዘልቅ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ምግቡ ሥጋ የሌለበት እንዲሆን፣ እስረኛውም ይህ ነው የሚባል ሥራ ሳይሰጠው ባዶ እጁን እንዲቀመጥ ይደረጋል። የዚህም ምክንያት ተብሎ የተሰጠው ሥራ ፈት የነበረ ሰው በሥራ ፈትነት እስኪሰለችና ሥራ እስኪናፍቅ ድረስ እንዲቆይ ነው። ይህ አስተሳሰብ በረሃብ ዘመን ሥራ ፈልጎ ያጣውን ሰው ሥራ ከጠላ ሰው ጋር አንድ አድርጎ የሚቆጥር በመሆኑ የሥርዓቱ ደካማ ጎን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሆኖም በዚሁ ደረጃ ላይ አንድ ጠቃሚ ነገር ይፈጸም ነበር። የወኅኒ ቤቱ አስተማሪ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየጻፈ የቀሩትን ደረጃዎች አሠራር፣ የነጥቡን አሰጣጥ፣ የመፈቻውንም ቀን አቆጣጠር ለእስረኞቹ ያስረዳቸው ነበር። እስረኛው ስለራሱ ዕጣ በሒሳብ መልክ የተማረበት ክፍል ይህ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ በስፓይክ ደሴትና በመሳሰሉት ቦታዎች የሚፈጸም የጋራ ሥራ ነው። እዚህ ላይ ክሮፍተን የተጠቀሙበት ሐሳብ የራሳቸው ግኝት አልነበረም። አሌክሳንደር ማኮኖኪ የተባሉ የባሕር ኃይል መኮንን ከ1840 እስከ 1844 በፓሲፊክ ውቅያኖስ ውስጥ የምትገኘውን የኖርፎክ ደሴት የግዞት ሰፈር ሲያስተዳድሩ፣ የእስራት ዘመን በዓመት ብቻ ከሚለካ ይልቅ በሥራና በጠባይ በሚገኝ ነጥብ ቢለካ ይሻላል የሚል ዘዴ ሞክረው ነበር። ማኮኖኪ እስረኛን አቀማጥለዋል ተብለው ከሥራቸው ተነሡ፤ ሐሳባቸው ግን በአየርላንድ ሥር ያዘ።

በስፓይክ ደሴት አንድ እስረኛ በወር ሊያገኝ የሚችለው ከፍተኛ ነጥብ 9 ነበር፤ ለጠባይ 3፣ ለሥራ 3፣ ለትምህርት 3። ከሦስተኛ ክፍል ለመውጣት 18፣ ከሁለተኛ ክፍል 54፣ ከአንደኛ ክፍል ደግሞ 108 ነጥብ ያስፈልጋል። በየወሩ ሙሉ ነጥብ ያገኘ ሰው ሦስቱን ክፍሎች በ20 ወር ይጨርሳል ማለት ነው። ክፍሉንና ነጥቡን የሚያሳይ ምልክት በልብሱ ላይ ስለሚለጠፍለት ራሱም፣ ጓደኛውም፣ ጠባቂውም የት እንደደረሰ በየዕለቱ ያዩ ነበር።

ለመምህራን ይበልጥ የሚያስገርመው የትምህርቱ ነጥብ አሰጣጥ ነው። ነጥቡ የሚሰጠው ለዕውቀቱ መጠን አልነበረም፤ ለትጋቱና ለመማር ላሳየው ፍላጎት ነው። ፊደል የማያውቅ አንድ አርባ ዓመት የሞላው ጭሰኛና ማንበብና መጻፍ የሚችል አንድ የከተማ ሌባ በአንድ ክፍል ቢቀመጡ፣ ጭሰኛው በወሩ መጨረሻ ከፊደል ገበታው ግማሹን ብቻ ለይቶ ቢሆን እንኳ ተግቶ እንደሆነ 3 ነጥቡን ይወስዳል፤ ዐዋቂው ደግሞ ሰንፎ እንደሆነ ያጣዋል። ይህ አመዳደብ በየትኛውም የመምህራን ስብሰባ ላይ ቢቀርብ ዛሬም ክርክር ሊያስነሣ የሚችል ነው። በፈተና ውጤት ለሚመራ ትምህርት ቤት አይስማማ ይሆናል። በልጅነቱ የትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጠ ሰው ሌላ ጊዜ የማያገኘውን ተስፋ ግን ይሰጣል።

ስሚዝፊልድና ላስክ

ክሮፍተን በስም የሚታወሱት በሦስተኛው ደረጃ ነው። ይህም መካከለኛ ወኅኒ ቤት የተባለው ሲሆን ከ1850ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አንዱ በደብሊን ከተማ ውስጥ በስሚዝፊልድ፣ ሌላው ከደብሊን በስተ ሰሜን 23 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በላስክ ተቋቋመ። በስሚዝፊልድ እስረኞቹ የእጅ ሙያ ይሠራሉ። ላስክ ግን ግንብ የሌለው ሜዳ ነበር። መኖሪያው እያንዳንዱ 50 ሰው የሚይዝ ከቆርቆሮ የተሠራ ሁለት ትልልቅ ቤት ሲሆን ሥራውም ረግረጉን መሬት እያጠነፈፉ ለእርሻ ማዘጋጀት ነው። ጠባቂዎቹ ጥቂቶች ናቸው፤ መሣሪያ አይዙም፤ ከእስረኞቹ ጋር አካፋና ዶማ ይዘው አብረው ይሠራሉ። ማምለጥ ለፈለገ ሰው የሚያግደው አጥር አልነበረም።

በዚህ ደረጃ ላይ ነጥብ መስጠት ቀርቷል። ክሮፍተን የዚህን ቦታ ዓላማ ሲያስረዱ ሁለት ነገሮችን ለይተው ያስቀምጡ ነበር። አንደኛው፣ እስረኛው በእውነት እንደታመነ በተግባር እንዲያየው ማድረግ ነው። ሁለተኛው፣ ነገ ከእርሱ ጋር የሚኖረው ሕዝብ ይህ ሰው ሊታመን የሚችል መሆኑን አስቀድሞ እንዲያየው ማድረግ ነው። የመጀመሪያውን ብዙዎች ተናግረውታል። ሁለተኛው ግን አዲስ ነገር ነበር፤ የተማሪነቱን ቦታ ለኅብረተሰቡም ጭምር ይሰጣልና። በላስክ ሜዳ መንገደኛው ሁሉ የሚያየው ያልታሰረ እስረኛ ቦይ ሲቆፍር ነው። ከስሚዝፊልድ ደግሞ እስረኛው ብቻውን ገንዘብ ተሰጥቶት ወደ ከተማው ለመልእክት ይላክ ነበር፤ ዕቃ ገዝቶ፣ መልሱን ቆጥሮ ይመለሳል። በሳምንት እስከ ሁለት ሺሊንግ ከስድስት ፔኒ የሚደርስ አበል ይታሰብለታል፤ ከዚያም ስድስት ፔኒውን እንደፈለገ ሊያወጣው፣ የቀረውን ሊያጠራቅመው ይችላል። ለብዙ ዓመት የራሱ ሳንቲም በእጁ ላልገባ ሰው ስድስት ፔኒን ማውጣት ወይም አለማውጣት ራሱን የቻለ ፈተና ነው።

በሁለቱም ቦታዎች በአንድ ጊዜ የሚያዙት ሰዎች ቁጥር ከመቶ እንዳይበልጥ ይጠነቀቁ ነበር። ክሮፍተን በዚህ ነጥብ ላይ አጥብቀው የቆሙት እያንዳንዱን ሰው በስሙና በጠባዩ ለይቶ ማወቅ ከዚያ ካለፈ ቁጥር ጋር አይሄድም ብለው ስላመኑ ነው። ሰባና ሰማንያ ተማሪ በአንድ ክፍል የሚያስተምር መምህር ይህን ሲያነብ ምን እንደሚል መገመት አያስቸግርም።

የኦርገን መንገድ

የመካከለኛው ወኅኒ ቤት መምህር ጄምስ ኦርገን ነበሩ። ኦርገን ከሥራ ሰዓት በኋላ በየምሽቱ ለእስረኞቹ ንግግር ያደርጉላቸው ነበር። የሚመርጧቸው ርዕሶች ከእስረኛው ነገ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ስለ ደመወዝና ስለ ቁጠባ፣ ስለ መጠጥ፣ ስለ ጂኦግራፊ። ጂኦግራፊው በተለይ ሰው ተሰዶ ሊሄድባቸው ስለሚችሉት አገሮች ነበር። ቅዳሜ ሲሆን እስረኞቹ በሳምንቱ ከተማሩት ውስጥ እርስ በርሳቸው እየተጠያየቁ ይወዳደራሉ፤ ጥያቄ አውጪውም መላሹም ተማሪው ነው። የእንግሊዝ የወጣት ጥፋተኞች ትምህርት ቤት መሥራች የነበሩት ሜሪ ካርፔንተር እነዚህን ቦታዎች ጎብኝተው ያዩትን ጽፈዋል። ጀርመናዊው የሕግ ሊቅ ፍራንዝ ፎን ሆልትዘንዶርፍም ስለ አየርላንድ ሥርዓት በመጻፍ በአውሮፓ እንዲታወቅ አድርገዋል።

ኦርገንን ከሌሎች የወኅኒ ቤት መምህራን የሚለያቸው ግን ከክፍል ውጭ የሠሩት ነው። ሥርዓቱ ባለአመክሮውን የተፈታ እስረኛ እየተከታተለ የሚረዳ ሰው ያስፈልገው ስለነበረ ለደብሊንና ለአካባቢው ይህ ኃላፊነት ለእርሳቸው ተሰጠ። በቀሩት የአገሪቱ ክፍሎች የተፈታው ሰው በየወሩ ለፖሊስ እንዲታይ ሲታዘዝ፣ በደብሊን የሚታየው ለአስተማሪው ነበር። ኦርገን በከተማውና በገጠሩ እየዞሩ የአሠሪዎችን በር ያንኳኳሉ። መጀመሪያ ላይ ያጋጠማቸው መልስ ምን እንደነበረ ለመገመት አያዳግትም፤ ሌባን በገዛ ደጄ አላስገባም የሚል ነው። ይሁን እንጂ አንዱ አሠሪ አንድ ሰው ሞከረ። ሰውየው ሠራ። ያው አሠሪ ቆይቶ ሌላ ሰው እንዲልኩለት ጠየቀ። በዚህ አኳኋን አንድ በአንድ እያለ የአሠሪዎቹ ቁጥር በረከተ። ሥራ ያገኙትንም ሰዎች በየጊዜው በሥራ ቦታቸው እየሄዱ ይጠይቋቸው ነበር፤ ያዩትንም ለዳይሬክተሮች ቦርድ በሪፖርት ያቀርባሉ።

እዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። የሰውየው ያለፈ ታሪክ ለአሠሪው ይነገር ወይስ ይደበቅ? በእንግሊዝ የነበሩት ኃላፊዎች፣ በተለይም የዚያን አገር የእስረኞች አስተዳደር ይመሩ የነበሩት ሰር ጆሹዋ ጄብ፣ የተፈታን ሰው በክትትል ሥር ማዋል ሥራ ያሳጣዋል የሚል አቋም ነበራቸው፤ ፖሊስ በሄደበት ሁሉ ስሙ ይከተለዋልና። ይህ ስጋት መሠረት የሌለው አልነበረም። የአየርላንድ መልስ ግን የተለየ ነበር። የተደበቀ ታሪክ አንድ ቀን ይገለጣል፤ በተገለጠ ጊዜም ሰውየው ይባረራል፤ እንዲያውም ዝም ለማለት ገንዘብ የሚጠይቁት የቀድሞ ጓደኞች አያጡትም። ስለዚህ ኦርገን ለአሠሪው እውነቱን ይነግሩታል። እውነቱን የሚናገረው ሰው ማንነት ግን ወሳኝ ነው። ፖሊስ ሲናገረው ማስጠንቀቂያ ይሆናል። ሰውየውን በየምሽቱ ያስተማረ፣ በየቅዳሜው ሲጠይቅና ሲመልስ የሰማ፣ ገንዘብ ሰጥቶ ልኮ ሲመለስ የተቀበለ መምህር ሲናገረው ግን ምስክርነት ይሆናል። የሥርዓቱ ምሥጢር ከነጥቡም ከቆርቆሮ ቤቱም ይልቅ እዚህ ላይ ነው ለማለት ይቻላል።

የሴቶቹ ጉዳይ ይህንኑ ያጠናክረዋል። ከወኅኒ ቤት በቀጥታ የወጣችን ሴት ለቤት ሠራተኝነት የሚቀበል ቤተሰብ አልተገኘም። ስለዚህ ከ1856 ጀምሮ በደብሊን ጎልደን ብሪጅ በሚባል ቦታ የካቶሊክ ደናግል የሚያስተዳድሩት መጠጊያ ተከፈተላቸው። ከዚያ ሲወጡ ቤተሰቦች ይቀበሏቸው ጀመር። የሴቲቱ ጥፋትና ፍርዷ ያው ነው፤ የተለወጠው ስለ እርሷ የሚመሰክርላት ሰውና የምትመጣበት ቤት ነው።

ሳይደርስላቸው የቀሩ

የአየርላንድ ሥርዓት ውጤት በዘመኑ እጅግ የተመሰገነ ነው። በከባድ ፍርድ የታሰሩት ሰዎች ቁጥር በክሮፍተን ዘመን በጣም እየቀነሰ ሄደ፤ ደጋፊዎቻቸውም ይህን ሁሉ ከሥርዓቱ ጋር አያያዙት። ዛሬ ነገሩን የሚመረምር ሰው ግን መጠንቀቅ ይኖርበታል። አንደኛ፣ ብዙ የተፈቱ ሰዎች ባጠራቀሙት አበል ትኬት ገዝተው ተሰደዱ፤ የተሰደደ ሰው በሌላ አገር ምን እንደሆነ በደብሊን መዝገብ ላይ አይገኝም። ሁለተኛ፣ ከረሃቡ በኋላ የሠራተኛው ቁጥር ስለተመናመነ የአሠሪው ፍላጎት ከፍ ብሎ ነበር። ኦርገን በሩን ያንኳኩት አሠሪው ሰው በፈለገበት ዘመን ነው። ይህ የድካማቸውን ዋጋ አይቀንሰውም፤ ያው ድካም የሥራ አጥ ብዛት ባለበት ከተማ ተመሳሳይ ፍሬ ይሰጣል ብሎ ለማቀድ ግን አያስደፍርም።

ሥርዓቱ ወደ ሌሎች አገሮች ሲሄድ የተወሰደው ሁሉም አካሉ አልነበረም። በ1862 በለንደን መንገዶች አንገት እያነቁ የሚዘርፉ ሰዎች ታዩ ተብሎ ታላቅ ድንጋጤ በተነሣ ጊዜ ጥፋቱ በአመክሮ በተፈቱት ላይ ተደፈደፈ። በ1864 የወጣው የእንግሊዝ ሕግም ከአየርላንድ ሥርዓት ውስጥ ለፖሊስ በየወሩ መታየትን ወሰደ። ሥራ የሚፈልግላቸው መምህር ግን በሕጉ ውስጥ ቦታ አላገኘም፤ ይህ ለበጎ አድራጎት ማኅበራት ተተወ። በ1869 እና በ1871 የወጡት ሕጎች ደግሞ የእስረኞችን መዝገብና ፎቶግራፍ በማዕከል ማስቀመጥን አስከተሉ። በአሜሪካ የኤልማይራ ማረሚያ ቤት በ1876 ሲከፈት ነጥቡንና አመክሮውን ከአየርላንድ ቢወስድም ግንቡን ግን አላስቀረም።

በአየርላንድም ቢሆን የሥርዓቱ ወሰን መነሻው ላይ የነበረውን ሕዝብ አላካተተም። ማውንትጆይም፣ ስፓይክ ደሴትም፣ ላስክም የተዘጋጁት የብዙ ዓመት ፍርድ ለተፈረደባቸው ነው። በመለመኑ፣ በመንገድ ዳር በማደሩ፣ ወይም ትንሽ ነገር በመስረቁ ጥቂት ሳምንት የተፈረደበት ሰው የሚገባው በየክፍለ ሀገሩ ወደሚገኘው ትንሽ ወኅኒ ቤት ነበር። ነጥብ ለማጠራቀም ዘመኑ አይበቃም። ወደ ላስክ የሚያደርስ ደረጃ የለውም። በተፈታ ጊዜ ስሙን የሚያውቅለት፣ በአሠሪ ደጅ ቆሞ የሚመሰክርለት መምህር አልነበረውም። በአንድ ዓመት ውስጥ ያው ሰው፣ ይበልጡንም ያችው ሴት፣ ደጋግማ ትገባና ትወጣለች። ከባድ ወንጀል የሠራው ሰው ወደ ኅብረተሰቡ የሚመለስበት መንገድ ሲጠረግለት፣ ወንጀሉ ቤት ማጣት የሆነው ሰው መንገዱ አልተጠረገለትም።

በ1877 ትንንሾቹና ትልልቆቹ ወኅኒ ቤቶች በአንድ ጠቅላይ ቦርድ ሥር ተጠቃለሉ። ክሮፍተን የሠሩለት አንዱ ክፍል ለሌላው ሊደርስበት የሚችልበት አጋጣሚ ይህ ነበር፤ ሆኖም የላስክ ሜዳ ወደ ትንንሾቹ ወኅኒ ቤቶች ሊስፋፋ ቀርቶ የራሱ ነዋሪ እየሳሳ ሄደና በ1886 ተዘጋ።